ከቺሬንጄ ሰባተኛ ክፍል

ቺሬንጄ፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2005

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ፣ ለመምህር ፊንያስ ሙያምቦ፤ ካሉበት ጆሃንስበርግ ይድረስ።

ጤናዎ እንዴት ነው? እርስዎ ደህና ከሆኑ እኛም ደህና ነን። እናቴ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ በርትታለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤትዎን እየከፈተች ታናፍሳለች። ከጓሮዎ ያለው ሙዝ ደርሶ ነበር፣ ዝንጀሮ ቀደመን። ዝናቡ ጥሩ ነው፤ የወንዙ መሻገሪያ ግን ሁለት ጊዜ ተወስዶ ሁለት ጊዜ ተሠራ።

እርስዎ በሰላም መድረስዎን ያወቅነው ከአውቶቡሱ ሾፌር ከቻፖ ነው። «አጎትሽን አይቼዋለሁ፣ ከስቷል ግን ይስቃል» አለኝ። አጎቴ፣ «ሁለት ሳምንት ቆይቼ እመጣለሁ» ብሎ ከገና በፊት የወጣ ሰው ወሬው በሾፌር አፍ ይሰማል? እናቴ ተቀይማለች። እኔ ግን ከቻፖ አድራሻዎን ስቀበል ቅያሜዬን ረሳሁት።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ ልመለስ። ከኮሌጅ በወጣሁ በወሩ ርዕሰ መምህሩ አቶ ሙቲሲ ጠርተው የእርስዎን ሰባተኛ ክፍል ሰጡኝ። ልጆቹ የመጀመሪያው ቀን ሲገቡ በእርስዎ ጠረጴዛ እኔን አይተው አንዳቸውም አልተቀመጡም።

«መምህር የት አሉ?» አለ ጊቭሞር፤ ያው እንደሚያውቁት ተንተባትቦ ሦስቴ ጀምሮ።

አቶ ሙቲሲ ከኋላዬ ሆነው «ዓይናቸውን ሊታከሙ ሄደዋል» አሉ። ይህን ያሉት ቦታዎን ለማቆየት ብለው ነው፤ አውቃለሁ። ልጆቹ ግን ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ለዓይንዎ ይጸልያሉ፤ እኔም አብሬ «አሜን» እላለሁ። ደስ አይለኝም።

ደስ የሚለውን ልንገርዎ። በአምስቱ ትምህርት ቤቶች የንባብ ውድድር ፖርሺያ ሲጋውኬ ሦስተኛ ወጣች። ከእኛ ትምህርት ቤት ሰው ሲሸለም እኔ ተማሪ ከነበርኩ ወዲህ አላየሁም። ስትመለስ ክፍሉ ሲያጨበጭብ ምን አለች መሰልዎት? «ሦስተኛ ማለት ሁለት ሰው ቀደመኝ ማለት ነው። ዝም በሉ!»

ምን ሥራ እንዳገኙ ይጻፉልኝ። ለልጆቹ የምነግራቸው እውነት ያስፈልገኛል። እዚህ ደመወዜ ሳሙናና የበቆሎ ዱቄት ገዝቶ ያልቃል፤ ጫማ የሚባል ነገር ካሰብኩ ቆየሁ። ይህን ለማማረር ብዬ አይደለም።

እግዚአብሔር በሰው አገር ሰው አያሳጣዎት።

የእህትዎ ልጅ ኔጻይ


ጆሃንስበርግ፣ ኤፕሪል 10 ቀን 2005

ለእህቴ ልጅ ለኔጻይ፤ ሰላምታዬ ካንቺ ጀምሮ እናትሽንና ጎረቤቱን ሁሉ ያዳርስ።

እኔ ደህና ነኝ። እናትሽ መቀየሟ ልክ ነው፤ ይቅርታዬን አድርሺልኝ። በትምህርት መዝጊያው ቀን ካርድ አድዬ «በጃንዋሪ እንገናኝ» ብያቸው ስወጣ የአውቶቡስ ቲኬቱ በኪሴ ነበር። ልሰናበታቸው ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ።

ሥራ አግኝቻለሁ። የምሠራውም ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ትልቅ ትምህርት ቤት ነው፤ ከእኛ ሸለቆ አንዱን ዳር የሚሞላ ግቢ አለው። ደወሉ በኤሌክትሪክ ነው የሚጮኸው። ልጆቹ የሚዋኙበት ገንዳ ብቻውን ከእኛ ሰባተኛ ክፍል ይበልጣል። ጠዋት ጠዋት ሁሉም «ደህና አደሩ» ይሉኛል፤ የተቀጡ ልጆች ናቸው።

የእኔዎቹን ነገር ግን በደንብ ጻፊልኝ፤ በጅምላ ሳይሆን በየስማቸው። ጊቭሞር ሲያነብ አታቋርጪው፤ ቃሉን አንቺ ከጨረስሽለት በሚቀጥለው ቀን አፉን አይከፍትም። ግጥም ስጪው፤ ግጥም ላይ ምላሱ ይፈታል። ፖርሺያን በየቀኑ አታመስግኛት። ለራሷ የሚበቃ ምስጋና አላት።

በቻፖ እጅ አራት ፓኮ ጠመኔና አንድ ኳስ ልኬያለሁ። ኳሱን አቶ ሙቲሲ ቢሯቸው ቆልፈው እንዳያስቀምጡት።

አጎትሽ ፊንያስ


ቺሬንጄ፣ ሜይ 29 ቀን 2005

ለምወድዎትና ለምኮራብዎት አጎቴ፤ ሰላምና ጤና ከእርስዎ አይለዩ።

እኛ ደህና ነን። ደብዳቤዎ የደረሰን ዕለት እናቴ አንገቷ ላይ ያለውን ሻርፕ አውልቃ ጨፈረች፤ ጉልበቷም ትዝ አላላትም። «ወንድሜ ጆሃንስበርግ ሄዶም መምህር ነው!» እያለች ጎረቤቱን ሁሉ አዳረሰች።

አቶ ሙቲሲም ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ደብዳቤዎን ይዘው ቆሙ። «ልጆች፣ የመምህር ፊንያስ ዓይን ድኗል። አሁን በጆሃንስበርግ ትልቅ ትምህርት ቤት ያስተምራሉ። ከዚህ ከእኛ ክፍል ተነሥተው!» ሲሉ በአጥሩ በኩል ያለፉ እናቶች እልልታውን አቀለጡት። ወይዘሮ ሲማንጎ የአንደኛ ክፍል ሕፃናቷን ይዛ አለቀሰች። እኔም፣ ምን ልደብቅዎ፣ አለቀስኩ።

ኳሱ አልተቆለፈበትም፤ እንዲያውም እስካሁን ሁለቴ ወንዝ ገብቶ ሁለቴ ወጥቷል።

ዜና ልንገርዎ። በሁለተኛው ውድድር ፖርሺያ አንደኛ ወጣች! ዳኛዋ ምስክር ወረቀቱን ስትሰጣት «ማን ነው ያስተማረሽ?» ብትላት «መምህር ፊንያስ፣ ከዚያ ደግሞ መምህርት ኔጻይ» አለች። «ከዚያ ደግሞ» የምትለዋን ይዤ አንድ ሳምንት ሳቅኩ። ጊቭሞር ደግሞ ስለ ዝናብ የሚያወራ ግጥም በወላጆች ፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ አለ፤ አንዴም አልተንተባተበም። አባቱ ከኋላ ቆሞ ባርኔጣውን አፉ ላይ ይዞ ነበር።

ልጆቹ ስለ ተማሪዎችዎ ጥያቄ አያልቅባቸውም። ስንተኛ ክፍል ነው የሚያስተምሩት? የዘጠኝን ማባዣ እንደ እኛ በቃላቸው ያውቃሉ? ሲያጠፉ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ያንበረክኳቸዋል? እኔ ባላውቅ ጊዜ «እንግዲያው እንጻፍላቸው» አሉ። ሃያ ስድስቱም ጽፈዋል፤ እያንዳንዱ ለአንድ ለማያውቀው ልጅ። ይኸው ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ ለተማሪዎችዎ ያድሉልንና መልስ ያጽፉልን። ፖርሺያ የእሷ በጣም ማንበብ ለሚወድ ልጅ ይሰጥልኝ ብላለች።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ትምህርት ቤት ሌላ መምህርት ይፈልጉ ይሆን? እንዲሁ ለመጠየቅ ያህል ነው።

አክባሪዎ ኔጻይ


ጆሃንስበርግ፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 2005

ለኔጻይ፤ እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ ደህና ነኝ።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ክረምቱ ከብዶን ነበር፤ ጠዋት ጠዋት በሩ አጠገብ ያለው ነፋስ አጥንት ይሰብራል። ጉንፋን ይዞኝ ሰነበተ።

የልጆቹ ደብዳቤ ደርሶኛል። አንድም ሳይቀር አንብቤዋለሁ። ለአንዲት መምህርት ሰጥቻቸዋለሁ። እዚህ ነገር ሁሉ በቢሮ በኩል ስለሚያልፍ ይዘገያል፤ ልጆቹ ብዙ እንዳይጠብቁ ንገሪያቸው። ፈተናቸው ላይ ያተኩሩ።

ስለጠየቅሽኝ ነገር፤ አትቸኩይ። ዓመቱን ጨርሺ። ያኔ እንነጋገራለን።

አንድ የዓለም ካርታ ልኬያለሁ። ጥግ ላይ የተቀደደ ነው ግን ሙሉ ነው።

አጎትሽ


ቺሬንጄ፣ ኖቬምበር 6 ቀን 2005

ለማከብርዎት አጎቴ፤ እንደምን ከረሙ? ጉንፋኑ ተሻለዎት? እናቴ የባሕር ዛፍ ቅጠል ልትልክልዎ ፈልጋ ቻፖ «የድንበሩ ሰዎች ምን ልበላቸው?» ብሎ ተዋት።

ልጆቹ ፈተናቸውን ተፈተኑ። ሲወጡ ፖርሺያ ፊቷ እንደ ድንጋይ ነበር፤ ጊቭሞር ደግሞ «ቀላል ነው» ሲል ሁላችንም ፈራንለት።

ከተማሪዎችዎ መልስ አልመጣም። ፖርሺያ ቻፖ በመጣ ቁጥር አውቶቡሱ ጋ ትወርዳለች። «ዕረፍት ላይ ናቸው» አልኳት። «አምስት ወር ሙሉ ዕረፍት?» አለችኝ። ምን ልበል? እርስዎም ስለነሱ አንድ ቃል አልጻፉልኝም። የአንዱን ተማሪዎን ስም እንኳን አላውቅም። ይህ ለእኔም ይገርመኛል፤ ሥራ በዝቶብዎት ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

አሁን የምነግርዎትን ነገር ሳይቆጡ ይስሙኝ። ዓመቱን ጨርሺ ብለውኝ ነበር፤ ጨርሻለሁ። ለወረዳው ቢሮ የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገብቻለሁ፤ ከዲሴምበር መጨረሻ ጀምሮ ተቀብለውታል። በጃንዋሪ መጀመሪያ ጨርቅ ከምትነግደው ከወይዘሮ ሲማንጎ እህት ጋር ወደ እርስዎ እመጣለሁ።

አቶ ሙቲሲ ቤት ድረስ መጥተው ለመኑኝ። ሽማግሌው ሰውዬ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፦

«ልጄ፣ ፊንያስ ሲሄድ አንድ እጄ ሄደ። አንቺም ስትሄጂ በምን ልጻፍ?»

«ጌታዬ፣ መምህር ፊንያስ እዚያም ሄደው መምህር ናቸው» አልኳቸው። «እኔስ ለምን አልሆንም?»

ሻዩን ሳይጨርሱ ተነሡ። በሩ ላይ ቆመው «እውነትሽን ነው። እሱ ባይሆንለት ኖሮ አልለቅሽም ነበር» ብለው ሄዱ።

አጎቴ፣ ልጆቹን መተው ቀላል እንዳይመስልዎት። ግን እርስዎም ያውቁታል።

ሲቀበሉኝ ያያሉ፤ ወፍሬያለሁ።

ኔጻይ


ጆሃንስበርግ፣ ኖቬምበር 27 ቀን 2005

ኔጻይ፣

ሰላምታውን ሁሉ እንደጻፍኩት ቁጠሪልኝ። ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ ቻፖ ነገ ስለሚመለስ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። አትምጪ።

እኔ እዚህ መምህር አይደለሁም። ዘበኛ ነኝ። የትምህርት ቤቱን የመኪና በር እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ልጆቹ «ደህና አደሩ» የሚሉኝ ከመኪና መስኮት ውስጥ ነው። ያኔ «ሥራዬ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው» ብዬ ስጽፍልሽ ቃሉ ውሸት አልነበረም፤ ግን አንቺ ምን ብለሽ እንደምታነቢው አውቅ ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ስከተው ሆዴ ነግሮኛል። ቀጥሎ ስለ እልልታው፣ ስለ እናትሽ ጭፈራ ስትጽፊልኝ መመለሻው ጠፋኝ። እያንዳንዱ ወር ሲያልፍ ከበደ።

የማስተማር ሥራ አልፈለግኩም እንዳትዪ። ስድስት ቦታ ሄጃለሁ። ወረቀቴን አይተው «እንደውልልሃለን» አሉኝ፤ አልደወሉም። ይህንን የዘበኛ ልብስ የሰጡኝ ሰዎች ግን በዚያው ቀን ነው የሰጡኝ።

የልጆቹን ደብዳቤ ለአንዲት መምህርት መስጠቴ እውነት ነው። መልካም ሴት ናት፤ መኪናዋን አቁማ ታናግረኛለች።

«ከማን ናቸው?» አለችኝ።

«ከልጆቼ።»

«ስንት ልጆች አሉህ?»

«ሃያ ስድስት» ስላት ከልቧ ሳቀች። በሳምንቱ አዝና መልሳ ሰጠችኝ። ቢሮው ከውጭ የመጣ ደብዳቤ ለልጆች አናድልም ብሏት ነው። እሷን አልወቅሳትም። እኔ ግን ያኔውኑ ልጽፍልሽ ይገባኝ ነበር። ደብዳቤዎቹ አሁንም እኔ ጋ ናቸው። በሩ አጠገብ ባለችው የዘበኛ ክፍል ተቀምጬ ስንቴ እንዳነበብኳቸው አልነግርሽም።

አንድ ቀን አንድ ትንሽ ልጅ እናቱን እየጠበቀ አጠገቤ ቆሞ «አንተ ትምህርት ቤት ገብተህ ታውቃለህ?» አለኝ። ሳይንቀኝ ነው የጠየቀኝ፤ እንደ ልጅ። «ትንሽ» አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርኩ ሰውዬ «ትንሽ» አልኩ። ማታ ለብቻዬ ስሆን ከሁሉም የምታቃጥለኝ ያቺ ቃል ናት።

ከመጣሽ መጥረጊያ ይሰጡሻል። ቢሮ ሂጂና መልቀቂያሽን መልሺ። ለአቶ ሙቲሲ እውነቱን ንገሪያቸው። እናትሽን እኔ ራሴ እነግራታለሁ፤ እስክነግራት ግን አንቺ ዝም በይላት፣ እለምንሻለሁ።

ፊንያስ


ቺሬንጄ፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 2006

ለአጎቴ ለመምህር ፊንያስ፤

ጤና ይስጥልኝ። እኛ አለን።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሻንጣዬን አስሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። መንገዱ በጎርፍ ተዘግቶ ቻፖ ሦስት ሳምንት ከተማ ቆሞ ነበር። ሻንጣውን ፈታሁ። በማግስቱ ወረዳው ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው ቀና ብሎ ሳያየኝ «የለቀቀ ለቋል፤ ቦታው ተዘግቷል። በሚቀጥለው ዓመት አመልክቺ» አለኝ። እንግዲህ እኔ መምህርት አይደለሁም። አቶ ሙቲሲ ፊት ሄጄ ይህን ስነግራቸው አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አሁን ያለ ደመወዝ አስተምራለሁ፤ ወላጆች ጎደሬና ሙዝ ያመጡልኛል።

እርስዎ ዘበኛ በመሆንዎ አላፈርኩም። እናቴም አታፍርም። ይህን አስበው ከሆነ የደበቁን አላወቁንም ማለት ነው። በጁን «በር ነው የምከፍተው» ብለው ጽፈውልኝ ቢሆን ኖሮ እንስቅ ነበር፣ ትንሽ እናለቅስ ነበር፣ እኔም እስከ ዛሬ ከነደመወዜ ክፍሌ ውስጥ ነበርኩ። ይህን አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ዳግመኛ አልጽፈውም።

ውጤት መጥቷል። ከሃያ ስድስቱ ሃያ አንዱ አልፈዋል። እንዲህ ያለ ነገር ቺሬንጄ አይታ አታውቅም። ፖርሺያ ከአምስቱ ትምህርት ቤቶች ትበልጣለች፤ ጊቭሞር አልፏል፣ ያውም በሒሳብ ከእሷ በልጦ። ውጤት ሊቀበሉ የመጡ ቀን ሁሉንም የቀድሞ ክፍላቸው አስገብቼ እውነቱን ነገርኳቸው። ሌላ ሰው ከሚነግራቸው ብዬ ነው።

ከዚያ ጊቭሞር «ዓ-ዓይናቸውስ?» አለ።

«ዓይናቸው ድሮም ደህና ነበር።»

«ታዲያ ቁልፉ በእሳቸው እጅ ነው? የትልቁ በር?»

«አዎ።»

«እሳቸው ካልከፈቱ ሀብታሙም አይገባማ!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ደግ ልጅ ነው፤ ያለው እኔን ሊያስቀኝ ብሎ ነው።

ፖርሺያ አልሳቀችም። ሁሉም ከወጣ በኋላ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። «መምህር ፊንያስ ደብዳቤዬን መልሰው ይላኩልኝ» አለች። «እሳቸው አንብበውታል» አልኳት፤ ደስ የሚላት መስሎኝ።

«እኔ የጻፍኩት ለልጅ ነው፣ ለእሳቸው አይደለም። ለእሳቸው ቢሆን ሌላ ነገር እጽፍ ነበር።»

ኔጻይ


ጆሃንስበርግ፣ ማርች 19 ቀን 2006

ለኔጻይ፤ ሰላም ላንቺና ለቤቱ ይሁን።

ያልሽው ሁሉ ልክ ነው። አንድም ቃል አልመልስበትም።

ሃያ ስድስቱን ደብዳቤ መልሼ ልኬያለሁ። ከእያንዳንዱ ጀርባ እኔው፣ በገዛ ስሜ መልስ ጽፌበታለሁ። የዘጠኝን ማባዣ እዚህ ያሉት ያውቁ እንደሆነ ጠይቄ ለጠየቀኝ ልጅ መልሼለታለሁ። የፖርሺያን ግን አልነካሁትም፤ እንዳለ ነው። ለእሷ ሌላ ወረቀት ላይ ጽፌያለሁ። ካልፈለገች አታስገድጃት።

ሃያ አንድ! ያነበብኩት ቀን በሩን ለሁለት መኪና መክፈት ረስቼ ተሰደብኩ። ለማንም መንገር አልቻልኩም። ያቺ መልካም መምህርት ስትመጣ «ልጆቼ አለፉ» አልኳት። «ስንቱ?» አለች እየሳቀች። ቁጥሩን ነገርኳት። በዚህ ጊዜ ሳቋን አቁማ «አንተ መምህር ነበርክ?» አለችኝ። መኪኖች ከኋላዋ ጥሩምባ ያሰሙ ስለነበር አልመለስኩላትም።

ለእናትሽ ጽፌያለሁ።

ፊንያስ


ቺሬንጄ፣ ጁን 11 ቀን 2006

ለምወድዎት አጎቴ፤ እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅ።

እናቴ ደብዳቤዎን ሰምታለች፤ እኔ ነኝ ያነበብኩላት። ስጨርስ «ወንድሜ ብርድ ላይ ነው የሚቆመው?» ብላ ጠየቀች። በማግስቱ ሹራብ ጀምራለች፤ በቻፖ እጅ ይደርስዎታል።

ደብዳቤዎቹን አድያለሁ። ክፍሉ ስለተበተነ ቤት ለቤት መዞር ነበረብኝ። ሁለቱ ልጆች ወደ ዘመዶቻቸው ሄደዋል፤ የነሱ እኔ ጋ ነው። ጊቭሞርን ያገኘሁት ወንዙ ውስጥ ነው፤ ትምህርቱን ትቶ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ወርቅ ያጥባል። እጁ እርጥብ ስለነበር «ኪሴ ውስጥ ይክተቱልኝ» አለኝ። ከተትኩለት። «ግጥሙን አሁንም ትላለህ?» ብዬ ብጠይቀው «ለማን ልበል?» አለኝ፤ ሳይንተባተብ።

ፖርሺያ ከወንዙ ማዶ ሁለተኛ ደረጃ ገብታለች፤ በጠዋት ተነሥታ በእግሯ ትሄዳለች። የራሷን ደብዳቤ ወሰደች። የእርስዎን ወረቀት ግን ጠረጴዛው ላይ ተወችው። «ሌላ ጊዜ» አለች። አልጣልኩትም።

አሁን ስለ እኔ። ሰኞ ድንበር ተሻግሬ ወደ ቺሞዮ ከተማ እሄዳለሁ። የአባቴ ዘመዶች እዚያ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ሻጭ ይፈልጋሉ። እናቴ ጉልበቷ ሐኪም ይፈልጋል፤ በጎደሬና በሙዝ ሐኪም አይታይም። ቢሮው የሚቀጥለው ዓመት ቢልም የሚቀጥለው ዓመት ሩቅ ነው። በእርስዎ ምክንያት የምሄድ እንዳይመስልዎት። ወይም ትንሽ ይሁን፤ እኔም ለይቼ አላውቀውም።

እኔ ያለ ደመወዝ ማስተማሩን ካቆምኩ ወዲህ ትምህርት ቤቱን ቢያዩት ያሳዝንዎታል። ወይዘሮ ሲማንጎ ታናናሾቹን ይዛለች። ከአራተኛ እስከ ሰባተኛ ያለውን አቶ ሙቲሲ ብቻቸውን ይዘው በሁለቱ ክፍሎች መሃል በረንዳው ላይ ቆመው በግራም በቀኝም ይጮኻሉ። ድምፃቸው ተዘግቷል። ለንባብ ውድድሩ ዘንድሮ ማንንም አልላክንም፤ የሚያዘጋጃቸው ሰው የለም።

አድራሻዬን ስገባ እልክልዎታለሁ።

ኔጻይ


ቺሬንጄ፣ ሴፕቴምበር 17 ቀን 2006

ለእህቴ ልጅ ለመምህርት ኔጻይ፤ ቺሞዮ ካለሽበት ሰላምታዬ ይድረስሽ።

እናትሽ ደህና ናት፤ አጠገቤ ተቀምጣ «እኔም ሰላም ብዬሻለሁ በልልኝ» ትላለች። ከላይ ያየሽውን አድራሻ በስህተት የጻፍኩት እንዳይመስልሽ። እኔ እዚህ ነኝ። የጁኑ ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ ወሩን ሠርቼ ልብሱን መለስኩላቸው። ቻፖ በነፃ ጫነኝ፤ መንገዱን ሙሉ ግን አላናገረኝም። እሱም የሰባተኛ ክፍል ልጅ አለው።

አቶ ሙቲሲ በረንዳው ላይ ነበሩ። ሳያቸው አጥሩ ጋ ቆምኩ፤ መግባት አቃተኝ። ልጆቹን ትተው ቀስ ብለው መጥተው በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ድምፅ ስለሌላቸው በሹክሹክታ «ከስድስተኛና ከሰባተኛ ጀምር» አሉኝ። ይኸው ነው። ስለ ሌላው እስከ ዛሬ አላነሡብኝም።

ቢሮው አልመለሰኝም፤ የአንቺን ጎደሬና ሙዝ አሁን እኔ እበላለሁ። ወላጆች ደግ ናቸው፤ ያመጣሉ፣ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ይሄዳሉ። እንደ ድሮው ቆሞ የሚያጫውተኝ የለም። ይገባኛል።

ዜናው ጥሩ አይደለም። በንባብ የሞከርኳቸው ሰባተኛ ክፍሎች አስራ አራት ናቸው፤ አንድ ገጽ ሳያቆሙ የሚያነቡት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ፈተናው በሚቀጥለው ወር ነው። የቻልኩትን አደርጋለሁ፤ ግን ላንቺ መዋሸት ስላቆምኩ እነግርሻለሁ፤ ለዘንድሮዎቹ ዘግይቻለሁ። ቁጥሩ ሲመጣ አታንብቢው።

ጊቭሞርን ሁለት ጊዜ ወንዙ ድረስ ወርጄ አናግሬዋለሁ። «ወንድሜን ይጠይቁ» ይለኛል። ወንድሙን ጠየቅኩ፤ ወንድሙ ሳቀብኝ። እንደገና እወርዳለሁ። ፖርሺያ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ በኩል ታልፋለች። በርከክ ብላ አጨብጭባ በወጉ ሰላም ትለኛለች፤ ለሽማግሌ የሚገባውን ክብር አንድም አታጎድልም። ከዚያ ትሄዳለች። ድሮ ብትሳደብ እንኳን ቆማ ነበር።

ክፍል የገባሁበትን የመጀመሪያ ቀን ልንገርሽና ልጨርስ። ጠመኔ ይዤ ቆምኩ። ስሜን ጻፍኩ፣ የሚያውቀኝ አውቆኛል፣ የማያውቀኝም ሰምቷል። «ጥያቄ ያለው?» አልኩ። ከፊት ያለች የስድስተኛ ክፍል ልጅ፣ ጥርሷ የወለቀ፣ እጇን አወጣች። ስሟን ገና አላወቅኩም ነበር። ፊቷ ላይ ነገር አልነበረባትም፤ ደወሉ መቼ ነው የሚደወለው እንደሚል ልጅ ነበር የጠየቀችኝ።

«መምህር፣ እርስዎስ መቼ ነው የሚሄዱት?»

ክፍሉ ሁሉ መልሱን ሊሰማ ወደ እኔ ቀና አለ። ኔጻይ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ብዙ ጥያቄ ተጠይቄያለሁ። ለዚህኛው ምን ብል እንደሚያምኑኝ አላወቅኩም። «የንባብ መጽሐፋችሁን አውጡ» አልኳቸው፤ ገጹን ነገርኳቸው፤ እሷም ከሁሉም ቀድማ አወጣች።

አጎትሽ ፊንያስ